ካሜራ ይዤ የት ልጥለቅ? ኬርንስ ወይስ እዚሁ ደቡብ?

የፉትስክሬይ ልጅ ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት አብዛኛው ጥያቄ ስለ ቪዛ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ መኪና ነው። የኔ ወጣ ያለ ነው። ግን ከሐበሻው መሀል ስኩባ (የአየር ታንክ ይዘው) የሚጠልቁ እንዳሉ ስለማውቅ ልሞክር ብዬ ነው።

የምኖረው ሜልቦርን ነው። ኦፕን ዋተር የሚባለውን የጀማሪ ጠላቂ ኮርሴን ፖርት ፊሊፕ ቤይ ላይ ጨርሻለሁ። እስከ 18 ሜትር መውረድ ይፈቀድልኛል። አሁን ደግሞ የውሃ ውስጥ ፎቶ ማንሳት በጣም አምሮኛል። እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ ባህር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ታች ያለውን ነገር በስልክ ብነግራት ብነግራት አልሆነልኝም፤ በፎቶ ላሳያት እፈልጋለሁ።

ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለ፤ ለሁሉም ግን አይበቃም። ወይ ደህና ካሜራ እገዛለሁ፣ ወይ ርካሽ ካሜራ ይዤ ሰሜን ያለችው ኬርንስ ሄጄ ታላቁ ባሪየር ሪፍ በሚባለው የኮራል አለት ላይ እጠልቃለሁ። ጓደኞቼ «አውስትራሊያ ኖረሽ ባሪየር ሪፍን ሳታዪ?» ይሉኛል። አስተማሪዬ ግን «ደቡቡን አትናቂው» ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር እዚህ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ አረንጓዴ ነው፣ አንዳንድ ቀን ከአምስት ሜትር በላይ አያሳይም። ከዚህ ውሃ ጥሩ ፎቶ ይወጣል? እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ።

አደላይድ ነዋሪ መለሰ፦

እንኳን ደስ አለሽ ልጄ። አስተማሪሽ ትክክለኛውን ነው የነገረሽ።

ከኒው ሳውዝ ዌልስ ሰሜናዊ ጠረፍ ተነስቶ፣ ቪክቶሪያን፣ ታዝማኒያንና ደቡብ አውስትራሊያን ይዞ እስከ ምዕራብ አውስትራሊያ የሚዘልቅ ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የድንጋይና የኬልፕ (ትልልቅ የባህር አልጌ) ሪፍ አለ። ታላቁ ደቡባዊ ሪፍ ይባላል። አብዛኛው የአውስትራሊያ ሕዝብ የሚኖረው ከዚህ ሪፍ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ሰሜን ላይ የምታዪው ብዙው ዓሣ ኢንዶኔዥያም ፊሊፒንስም አለ። እዚህ ያለው ፍጥረት ግን አብዛኛው በሌላ የዓለም ክፍል አይገኝም።

ሊፊ ሲድራጎንን ውሰጂ። የባህር ፈረስ ዘመድ ነው። መላ አካሉ ላይ ቅጠል የሚመስል ቆዳ በቅሎበታል። ከኬልፕ መሀል ሲቆም አጠገቡ ሆነሽ እንኳ አይታይሽም። የሚዋኘው በነዚያ ቅጠሎች አይደለም፤ ጀርባውና አንገቱ ላይ ባሉ ስስ ክንፎች ነው። ክንፎቹ ብርሃን ስለሚያሳልፉ ማንም ሳይነካው የሚንሳፈፍ ይመስላል። እንቁላሉን የሚሸከመው ወንዱ ነው። ሴቷ ወደ 250 የሚሆን እንቁላል ጅራቱ ሥር ትለጥፍለታለች፤ እስኪፈለፈል ድረስ እሱ ይዞት ይዞራል። የደቡብ አውስትራሊያ የባህር አርማ ይኸው ፍጥረት ነው። ጠላቂዎች የሚፈልጉት ከአደላይድ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ራፒድ ቤይ በሚባል ቦታ፣ በአሮጌው ጄቲ (ወደ ባህር የሚገባ የጀልባ ማቆሚያ ድልድይ) ምሰሶዎች አካባቢ ነው።

ሌላው ቦታ ዋያላ ነው። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ፖይንት ሎውሊ አካባቢ ግዙፉ የአውስትራሊያ ከትልፊሽ (የኦክቶፐስ ዘመድ) በአሥር ሺዎች ተሰብስቦ ይራባል። እንዲህ ብዛት ያለው የከትልፊሽ መሰባሰብ በዓለም ሌላ ቦታ አይታወቅም። ጥልቀቱ ከሁለት እስከ አምስት ሜትር ነው፤ በስኖርክል ብቻ ይታያል። ትልልቆቹ ወንዶች ቆዳቸው ላይ ቀለም እያስሮጡ ይፋለማሉ። ትንንሾቹ ወንዶች ደግሞ የሴት መልክና ቀለም ይዘው በመሀላቸው ሹልክ ብለው ከሴቷ ጋር ይገናኛሉ። ይህን በካሜራ መያዝ የፈለገ ሰው ከነሱ ጋር ረጅም ሰዓት መቆየት አለበት። ውሃው 12 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ወፍራም ልብስ የግድ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ፎቶ የሚሻሻለው አንድ ቦታ ደጋግሞ በመጥለቅ ነው። ኬርንስ ሄደሽ ጥቂት ቀን ጠልቀሽ ትመለሻለሽ፤ ካሜራውን ስትለምጂው ጉዞው ያልቃል። እዚህ ግን ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ አየርሽ ብዙ ይቆያል። በእግርሽ ነው የምትገቢው፤ የጀልባ ክፍያ የለም። አልተሳካም? በሚቀጥለው ቅዳሜ ትመለሻለሽ። ለሜልቦርን ሰው ፍሊንደርስ ፒር የሚባል ጄቲ አለ። እዚያ ዊዲ ሲድራጎን ጥልቀት በሌለው ውሃ ይገኛል። እሱም የቪክቶሪያ የባህር አርማ ነው። ዊዲ ሲድራጎን ሠፈሩን የሚለቅ ፍጥረት አይደለም፤ ዛሬ ያየሽውን ከወራት በኋላ እዚያው አካባቢ ልታገኚው ትችያለሽ። ገላው ላይ ያሉት ነጠብጣቦች እንደ ጣት አሻራ ስለሚለያዩ የትኛው እንደሆነ በፎቶ ይታወቃል። ሲድራጎን ሰርች የሚባለው ፕሮጀክት ከተራ ጠላቂዎች ፎቶ እየሰበሰበ እያንዳንዱን የሚከታተለው በዚህ መንገድ ነው።

ሰሜን ኩዊንስላንድ መለሰ፦

ጋሼ፣ ሲድራጎኑን አልክድም። ግን ሰሜንን እንዲህ በአጭሩ ማለፍ አይሆንም።

ታላቁ ባሪየር ሪፍ 2,300 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። አንድ ሪፍ አይደለም፤ 2,900 ያህል ሪፎች ናቸው። ኬርንስ ላይ የአንድ ቀን ጀልባ ይዞ ሄዶ «አየሁት» የሚል ሰው ጫፉን ብቻ ነው ያየው። ከኬርንስ በስተሰሜን ሪበን ሪፍስ አለ። እዚያ ኮድ ሆል በሚባለው ቦታ ከሰው የሚከብዱ ፖቴቶ ኮድ ዓሦች አጠገብሽ መጥተው ዓይን ዓይንሽን ያዩሻል። ሰኔና ሐምሌ ላይ ደግሞ ድዋርፍ ሚንኬ የሚባሉት ትንንሽ ዓሣ ነባሪዎች ይመጣሉ። ፈቃድ ያላቸው ጀልባዎች ገመድ ይዘረጋሉ፤ ሰው ገመዱን ይዞ ውሃው ላይ ይጠብቃል። የሚቀርበው ዓሣ ነባሪው ነው እንጂ ሰው አያሳድደውም። ለፎቶ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል አላውቅም።

ዮንጋላ ስለምትባለው የሰጠመች መርከብም ልናገር፤ ብዙ ሐበሻ ታሪኩን አያውቅም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1911 ከማካይ ወደ ታውንስቪል ስትጓዝ አውሎ ነፋስ ውስጥ ገብታ ሰጠመች። የነበሩት 122 ሰዎች በሙሉ አለቁ። የማዕበል ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር፤ መርከቧ ግን ሬዲዮ ስላልነበራት አልደረሳትም። ማንነቷ የተረጋገጠው በ1958 ነው። ዛሬ 109 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ አሸዋ ላይ በጎኗ ተኝታለች። የላይኛው ጎኗ 15 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ታችኛው ወደ 30 ይጠጋል። ዙሪያው ባዶ አሸዋ ስለሆነ በአካባቢው ያለ ፍጥረት ሁሉ መኖሪያው እሷ ናት። ግሩፐር የሚባል ግዙፍ ዓሣ፣ የባህር እባብ፣ ኤሊ፣ ሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ደመና የሚሠሩ ትንንሽ ዓሦች፤ ሁሉም አንድ ላይ። ወደ ውስጧ መግባት በሕግ ክልክል ነው። የሰው መቃብር ናትና ልክ ነው።

ልጅቷን የምመክረው ግን ይህን ነው፦ ዮንጋላ ላይ የውሃው ጅረት ይበረታል፤ ለአዲስ ጠላቂ አይሆንም። ቀጣዩን አድቫንስድ ኮርስ ወስደሽ፣ ተለማምደሽ ነይ። ሪፉን ለማየት አሁንም መምጣት ትችያለሽ። ውሃው ክረምት ላይ እንኳ 23 ዲግሪ አካባቢ ነው።

የፉትስክሬይ ልጅ ጻፈች፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ስታወሩ ሁለቱም ጋ አሁኑኑ ልሂድ ያሰኛል። ጋሼ ያሉት ስለ መደጋገም በጣም ገባኝ። አሁን ስለ ካሜራው የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ። ስልኬን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትቼ ባወርደው ይሆናል ያለኝ አለ። ጎፕሮ (ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ) ይበቃሻል ያለኝም አለ። አንዱ ደግሞ ከመኪናዬ ዋጋ የሚበልጥ ነገር አሳየኝ።

ሌንስና ውሃ መለሰ፦

ስልኩን በከረጢት ለገንዳ ተዪው እህቴ። 18 ሜትር ላይ በዙሪያሽ ያለው ግፊት ከላይ ካለው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ለዚያ የተሠራ ነገር ያስፈልጋል።

ከካሜራው በፊት ብርሃኑን እንወቅ። ውሃ መጀመሪያ የሚውጠው ቀይን ነው። አምስት ሜትር አካባቢ አብዛኛው ቀይ ጠፍቷል። ቀጥሎ ብርቱካናማው ይሄዳል፣ ከዚያ ቢጫው። 20 ሜትር ላይ የሚቀርሽ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው። ዓይንሽ ስለሚለምደው ብዙም አይታወቅሽም፤ ካሜራው ግን አይዋሽም። ጀማሪው ሁሉ «ፎቶዬ ለምን ሰማያዊ ብቻ ሆነ» የሚለው ለዚህ ነው። የሚቆጠረው ደግሞ ወደ ታች የወረድሽው ብቻ አይደለም። ከካሜራሽ እስከ ዓሣው ያለው ውሃም ይቆጠራል። ስለዚህ ሦስት ሜትር ርቀሽ የምታነሺው ነገር ቀለሙ በመንገድ ይጠፋል። የመጀመሪያው ሕግ ቅረቢ ነው። ሁለተኛውም ቅረቢ ነው። ከአንድ ሜትር በታች ሆነሽ አንሺ፤ ትንንሽ ነገር ከሆነ ደግሞ ከአንድ ስንዝር።

ቀለሙን የሚመልሰው የራስሽ ብርሃን ነው፤ ማለትም ስትሮብ። የካሜራው የራሱ ፍላሽ አይሆንም፤ ምክንያቱም ሌንሱ አጠገብ ነው ያለው። ውሃው ውስጥ ያለውን ደቃቅ ነገር ሁሉ ከፊት ያበራዋል፤ ፎቶው በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል። ጣርማ በር ላይ በጭጋግ ረጅም መብራት ያበራ ሾፌር የሚያየው ጭጋጉን ብቻ እንደሆነው ማለት ነው። ስትሮቡን በክንድ ወደ ጎን አርቂው፣ ከሌንሱ ትንሽ ወደ ኋላ መልሺው፣ ትንሽም ወደ ውጭ አዙሪው። የብርሃኑ ጠርዝ ብቻ እንስሳውን ሲነካው መሀል ላይ ያለው ውሃ ጨለማ ይሆናል። ፖርት ፊሊፕ ቤይን በመሰለ ደብዛዛ ውሃ ውስጥ ፎቶን የሚያድነው ይህ ነው።

ካሜራ ካልሽኝ ለጀማሪ ኦሊምፐስ ቲጂ-6ን ወይም ተተኪውን ቲጂ-7ን እመርጣለሁ። ያለ ምንም ሽፋን 15 ሜትር ድረስ ይወርዳል፤ በራሱ ሃውሲንግ (ውሃ የማያስገባ ጠንካራ ሽፋን) ደግሞ 45 ሜትር። አንድ ሳንቲ ሜትር ድረስ ቀርቦ ማንሳት ይችላል። ደቡብ ላይ ያለው ሀብት ደግሞ ትንንሹ ነገር ነው፤ ኑዲብራንች (ዛጎል የሌለው የባህር ቀንድ አውጣ)፣ የባህር ፈረስ፣ ትንንሽ ሸርጣን። 15 ሜትር ይወርዳል ብለሽ ግን ያለ ሃውሲንግ አትውሰጂው። በሩ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከቀረች አለቀለት። ጎፕሮ ለቪዲዮ አሪፍ ነው፤ እስከ 10 ሜትር ያለ ሽፋን ይሠራል። ለትንንሽ ነገር ፎቶ ግን አይሆንም። ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት አታመንቺ። ብዙ ሰው ትልቅ ካሜራ ሲገዛ ትንሹን በጥሩ ዋጋ ይሸጣል።

ማክሮ (ትንንሽ ነገር በቅርበት) ስታነሺ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 ወይም 200 ላይ አድርጊው። ከዚያ ብርሃኑን በስትሮቡ ጉልበት አስተካክዪ። ከላይ ወደ ታች አታንሺ። ዝቅ በዪ፣ ከእንስሳው ዓይን እኩል ሁኚ፣ ከተቻለ ትንሽ ወደ ላይ አንሺ። ከዓሣው ጀርባ አሸዋ ሳይሆን ውሃ ሲኖር ቅርጹ ጎልቶ ይወጣል። ትኩረቱ ዓይኑ ላይ ይሁን። ዓይኑ ካልጠራ ፎቶውን ሰርዢው።

ይህ ሁሉ ግን ቦያንሲሽ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም። ውሃ ውስጥ ሳትወጪ ሳትወርጂ ባለሽበት መቆም ካልቻልሽ ካሜራው ሁለተኛ ሸክም ነው። መጀመሪያ ያለ ካሜራ ጥልቂ። እጅሽን አጣምረሽ፣ አሸዋውን ሳትነኪ፣ በትንፋሽ ብቻ ከፍና ዝቅ ማለት ሲለምድሽ ያኔ ካሜራውን ያዢ። ገንዘብሽን ለሦስት ብትከፍዪው የመጀመሪያውን ለሞቀ ልብስና ለልምምድ፣ ሁለተኛውን ለካሜራና ለሃውሲንግ፣ ሦስተኛውን ለአንድ ስትሮብ አድርጊው። የሚንቀጠቀጥ ሰው ፎቶ አያነሳም።

ሲድኒ ጠላቂ መለሰች፦

ሲድኒን ዘለላችሁት! ማንሊ አጠገብ ያለው ሼሊ ቢች ከአውቶቡስ ወርደሽ የምትጠልቂበት ቦታ ነው። ካቤጅ ትሪ ቤይ ከ2002 ጀምሮ የተከለለ ነው፤ ማጥመድ አይፈቀድም። ስለዚህ ዓሦቹ ሰው አይፈሩም። ሰማያዊው ግሮፐር የሚባለው ዓሣ እንደ ውሻ እየተከተለ ይመጣል። ክረምት ላይ ፖርት ጃክሰን ሻርኮች አሸዋው ላይ ተኝተው ታገኛለሽ። ክሊፍተን ጋርደንስ የሚባለው ደግሞ የመዋኛ መረቡ ላይ የባህር ፈረሶች ጅራታቸውን ጠምጥመው ይኖራሉ። ማሩብራ አጠገብ ማጂክ ፖይንት ላይ ግሬይ ነርስ ሻርኮች አሉ። ጥርሳቸው ያስፈራል እንጂ ገር ናቸው። ሰዎች በስህተት ሰው በላ እያሉ ስለፈጇቸው ቁጥራቸው በጣም ተመናምኗል። ኒው ሳውዝ ዌልስ በ1984 በሕግ ስትጠብቃቸው በዓለም በሕግ የተጠበቀ የመጀመሪያው ሻርክ ሆኑ። ዋሻቸው አፍ ላይ አትቁሚ፣ አታሳድጂ፣ አትንኪ። ዝም ብለሽ በጎን ከጠበቅሽ ራሳቸው ዞረው ይመጣሉ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልናገር። ለፎቶ ብሎ እንስሳ የሚነካካ ሰው ያበሳጨኛል። የባህር ፈረስን በጣት ገፋ አድርጎ ወደ ካሜራ የሚያዞር አይቻለሁ። ጥናቶች እንዳሳዩት እነዚህን ፍጥረታት ከፍላሹ ይልቅ የሚጎዳቸው መነካካቱ ነው። ያም ቢሆን ፍላሹን ደጋግመሽ አታዝንቢባቸው። ጥቂት አንሺና ተዪው። ፊቱን ካዞረ፣ መሸሽ ከጀመረ፣ አልፈለገም ማለት ነው። ብሉ ሪንግድ ኦክቶፐስን (ስምንት ክንድ ያለው ትንሽ የባህር ፍጥረት) ተመልከቺ፤ ሰማያዊ ቀለበቶቹ አብረቅርቀው የሚወጡት ሲረበሽ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈልገው ያ የሚያበራ ቀለበት ያለበት ፎቶ ብዙ ጊዜ የተጨነቀ እንስሳ ፎቶ ነው። ተረጋግቶ አልጌ መስሎ ሲሄድ ያነሳሁትን ፎቶ እኔ የበለጠ እወደዋለሁ።

ለሴቶች ደግሞ፦ ሹሩባ ከተሠራሽ ጥሩ ነው፤ ዝቅ ያለ ቁጥርጥር የመጥለቂያ ኮፍያው ውስጥ ይገባል። ከፍ ብሎ የተቋጠረ ግን ኮፍያውን አያስገባም። የማስኩን ገመድ በጨርቅ ሸፍኚው፣ ጎማው ፀጉር ይነጫል። ከፊት የወጣ ፀጉር ከማስኩ ጠርዝ ሥር ከገባ ውሃ ያስገባል። ሃውሲንጉን በርጥብ ፀጉር አጎንብሰሽ እንዳትከፍቺ። ውሃ በሚከለክለው የጎማ ቀለበት (ኦ-ሪንግ) ላይ አንዲት ፀጉር ከተጋደመች ካሜራው ውሃ ይጠጣል።

ጀማሪ ከብሪዝበን ጻፈ፦

እናንተ ሰዎች አስቀናችሁኝ። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያደግኩት፤ ዋና አልችልም። እንዲህ ላለ ሰው ስኩባ ይታሰባል?

ሲድኒ ጠላቂ መለሰች፦

ይታሰባል፣ ግን ዋናው ይቅደም። ለኦፕን ዋተር ኮርስ አብዛኛው ጊዜ 200 ሜትር መዋኘትና አሥር ደቂቃ መንሳፈፍ ይጠየቃል። ፍጥነት አይጠየቅም፣ የዋና ስልቱም የፈለግኸው ነው። በየሠፈሩ መዋኛ ለአዋቂ ጀማሪ ትምህርት አለ። እዚህ አገር ከመጡ በኋላ በትልቅነታቸው ዋና የተማሩ ብዙ ሐበሾች አውቃለሁ። ሳትችል «ታንኩ ይይዘኛል» ብለህ እንዳትገባ ወንድሜ። ዋናውን ለራስህም ለልጆችህም ስትል ተማረው።

ነርስ ከፐርዝ መለሰች፦

ካሜራ ስለያዘ ሰው ደህንነት ትንሽ ልበል። ፎቶ የሚያነሳ ጠላቂ ሁለት ነገር ይረሳል፤ አየሩንና ጓደኛውን። ጥቂት ፎቶ ባነሳሽ ቁጥር የአየር መለኪያውን (ጌጁን) እዪ። ፎቶው እንዳይንቀሳቀስ ብለሽ ትንፋሽ አትያዢ። ትንፋሽ ይዘሽ ትንሽ እንኳ ከፍ ካልሽ ሳንባሽ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል፤ ጉዳቱ ከባድ ነው። ቀስ ብለሽ ውጪ፣ አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቁሚ።

ኬርንስ ለመሄድ ካሰብሽ የመልሱን በረራ አስቢበት። ሰውነት በጥልቀት ላይ ናይትሮጅን ይመጥጣል፤ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቅሽ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ከጠለቅሽ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን ላይ አትውጪ። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ተራራው ነው። ከኬርንስ ወደ አተርተን ከፍታ በመኪና መውጣት ከ700 ሜትር በላይ ያደርስሻል። ጠዋት ጠልቀሽ ከሰዓት እዚያ አትውጪ። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ያልተለመደ ድካም ከተሰማሽ «ይተወኛል» አትበዪ። 000 ደውዪ፣ ኦክሲጅን ይሰጥሽ። ሜልቦርን አልፍሬድ ሆስፒታል፣ እዚህ ፐርዝ ፊዮና ስታንሊ ሆስፒታል የግፊት ሕክምና ክፍል አለ።

ጾም ላይ ሆናችሁ የምትጠልቁም አስቡበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ መጥለቅ አይደገፍም። ሰውነት ፈሳሽ ሲያጥረው ናይትሮጅኑ በደንብ ሳይወጣ ሲቀር ለሚመጣው የዲኮምፕሬሽን ሕመም ይጋለጣል፣ ብርዱም ይብሳል። ወይ ከጾሙ ሰዓት በኋላ፣ ወይ በሌላ ቀን ይሁን።

ከላይ ስለተነሳው ብሉ ሪንግድ ኦክቶፐስ፦ ንክሻው ብዙ ጊዜ አያምም፤ መርዙ ግን መተንፈሻን ሽባ ያደርጋል፤ ማርከሻም የለውም። የተነከሰን ሰው የሚያድነው እርዳታ እስኪደርስ ሳያቋርጡ ትንፋሽ መስጠት ነው። ባዶ ዛጎልና ጠርሙስ ውስጥ ስለሚደበቅ ምንም ነገር አታንሺ። ሰሜን ላይ ደግሞ ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ወቅት ቦክስ ጄሊፊሽና ኢሩካንጂ የሚባሉ መርዛማ ጄሊፊሾች ስላሉ መላ ሰውነት የሚሸፍን ልብስ ይለበሳል።

ለምዕራቡም ልመስክር። ባስልተን ጄቲ ከ1.8 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ባህር ይገባል፤ ምሰሶዎቹ በለስላሳ ኮራልና በስፖንጅ ተሸፍነዋል። ኒንጋሉ ላይ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ዌል ሻርክ ይመጣል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም።

አደላይድ ነዋሪ መለሰ፦

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ከመጋቢት 2025 ጀምሮ በኛ ጠረፍ ካሬኒያ የሚባል መርዛማ አልጌ ተስፋፍቶ ነበር። ውሃው ከወትሮው መሞቁ፣ ነፋስም አለመኖሩ አግዞታል። ባህር ዳርቻው ላይ ሻርክ፣ ሬይ፣ ዓሣ፣ ሸርጣን፣ ሲድራጎንም ሳይቀር ሞቶ ተተፋ። ለብዙ ዓመት ስንጠልቅባቸው የኖርናቸው ጄቲዎች ሥር የነበረው ሕይወት እንዲህ ሲሆን ማየት ልብ ይሰብራል። ለዋያላው ከትልፊሽ ፍርሃቱ ትልቅ ነበር። ከትልፊሽ አንድ ጊዜ ተራብቶ ይሞታል። ወላጆቹ ከሞቱ በኋላ የዘሩ ተስፋ በሙሉ ድንጋይ ሥር የተለጠፈው እንቁላል ነው። ለዚህ ሲባል አልጌው እንዳይገባ የአየር አረፋ መጋረጃ እስከ መዘርጋት ተደርሷል።

ስለዚህ ወደኛ ጋ ልትመጪ ስትዪ መጀመሪያ የውሃውን ሁኔታ ጠይቂ። የድሮ ፎቶ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ቀንና ቦታ ጽፎ አይናቹራሊስት በሚባለው የተፈጥሮ ምልከታ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ይጫን። ምን እንደነበረ፣ ምን እንደተመለሰ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ሰሜን ኩዊንስላንድ መለሰ፦

ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው ጋሼ። እኛም ጋ ውሃው ሲሞቅ ኮራሉ ይነጣል። 1998፣ 2002፣ 2016፣ 2017፣ 2020፣ 2022፣ 2024፣ 2025፤ ሰፊ የመንጣት ዓመታት ናቸው። የነጣ ኮራል ወዲያው አይሞትም፤ ሙቀቱ ቶሎ ከቀነሰ ይመለሳል። ግን በየሁለት ዓመቱ ሲደጋገም ለማገገም ጊዜ የለውም። ሪፉ ሞቷል የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። እንደ ድሮው ነው የሚለውም ትክክል አይደለም። አንዱ ሪፍ ተጎድቶ ጎረቤቱ ሙሉ ሕይወት ሆኖ ታገኘዋለህ። ነይና እዪው እህቴ። ከመጣሽ ደግሞ ጀልባው ላይ ስም ሲጠሩና ሲቆጥሩ አትሰላቺ። በ1998 አንድ ባልና ሚስት ቆጠራ ተሳስቶ ባህር ላይ ተረስተው ቀርተዋል፤ አልተገኙም። የኩዊንስላንድ የቆጠራ ደንብ የጠበቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

የፉትስክሬይ ልጅ ጻፈች፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወስኛለሁ። ኬርንስ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። ያገለገለ ቲጂ-6 ከነሃውሲንጉ አግኝቻለሁ፤ ስትሮቡ ይከተላል። ወፍራም ልብስና ኮፍያ ልገዛ ነው። እስከዚያው ያለ ካሜራ ቦያንሲዬን እሠራለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለመለማመጃ ብሌርጋውሪ ይሻላል ወይስ ፍሊንደርስ? ስፓይደር ክራብ የሚባሉት ሸርጣኖችስ መቼ ነው የሚመጡት?

ሞርኒንግተን ነዋሪ መለሰ፦

መጀመሪያ ብሌርጋውሪ። ፒሩ ሥር ጥልቀቱ ከስድስት ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ምሰሶዎቹ በስፖንጅ የተሞሉ ናቸው፤ ትልልቅ ሆድ ያላቸው የባህር ፈረሶችም አሉ። ነፋሱ ከደቡብ ሲሆን ውሃው ጸጥ ይላል፤ ከሰሜን ከነፈሰ ተዪው። ፍሊንደርስ ደግሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ስለሆነ በምዕራብ ነፋስ ይሻላል። እዚያ የባህር ሣሩ ላይ በእግር መዋኛሽ (ፊን) እንዳትመቺ፤ ሲድራጎኑ የሚበላውን የሚያገኘው እዚያ ነው።

ሸርጣኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ክረምቱ ሲገባ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ራይና ብሌርጋውሪ አካባቢ በሺዎች ሆነው ይከመራሉ። አሮጌውን ቅርፊት ጥለው አዲሱ እስኪጠነክር ለስላሳ ናቸው። ስቲንግሬይ የሚበላቸውም ያኔ ነው፤ የሚሰበሰቡትም እርስ በርስ ለመከላለል ነው። ክምሩ ውስጥ አትግቢ፤ ከጠርዙ አንሺ። ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ የመጡ ቀን እዚሁ እጽፋለሁ።

የዓሣ አጥማጆች ክር ስለሚበዛ ትንሽ መቁረጫ ይኑርሽ። የጠላቂ ባንዲራ አትርሺ። እሑድ ጠዋት የሚጠልቅ ቡድን አለን፤ በውስጥ መልእክት ጻፊልኝ። አንድ ትርፍ ኮፍያ አለኝ፤ ከመግዛትሽ በፊት ለክተሽ እዪው።